ከሰኞ ጀምሮ

ጳጉሜ ትንሽ ወር ብትሆንም የተሸከመችው ቃል ብዙ ነው። በ5 ቀኗ፣ በየ4 ዓመቱ ደግሞ በ6 ቀኗ፣ አጫሹ ሲጋራ ያቆማል፣ ባለዕዳው መቆጠብ ይጀምራል፣ ቦርጫሙ ይከሳል፣ ተማሪው ያጠናል፣ ከወንድሙ ጋር የተኳረፈው ይታረቃል። ሁሉም በሐሳብ ነው። የዋዜማው ችቦ ነዶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ አበባየሆሽ ባዮቹ ልጆች ሳንቲማቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላ ከባለቃሎቹ ጥቂቶቹ የምር ይጀምራሉ። እስከ መስቀል የዘለቀ ጎበዝ ነው። የጂም ባለቤቶች ይህን ጠባያችንን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ የ3 ወርና የ6 ወር ክፍያ በቅናሽ አድርገው የሚጋብዙንም ለዚሁ ይመስለኛል። ጥቅምት ላይ ብቅ ብሎ የቆሙትን ማሽኖች ያየ ሰው ቅናሹ ለማን እንደሚጠቅም አይጠፋውም።

ከመስከረም በኋላ ያሉት ወራት ደግሞ የሰኞ ናቸው። ዓርብ ማታ ከመጠን በላይ የበላ «ከሰኞ ጀምሮ እቀንሳለሁ» ይላል። ሰኞ ስብሰባ ይበዛል። ማክሰኞ እንዳይጀመር ሳምንቱ ገብቷል። ስለዚህ የሚመጣው ሰኞ ይጠበቃል።

ስለ ሰበብ ሲነሳ ሰበበኛው እንደ ውሸታም ነው የሚቆጠረው። እኔ እስከታዘብኩት ግን ሰበቦቻችን በአብዛኛው እውነት ናቸው፤ አስቸጋሪ ያደረጋቸውም ይኸው ነው። መንገድ ተዘጋግቶ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ኔትወርክ አልነበረም፣ ልጁን አሞት አደረ፣ ጎረቤት ለቅሶ ነበር። ሁሉም ሆኗል። ሰው ውሸቱን ሲደጋግም ውሎ አድሮ ያፍራል። እውነተኛ ሰበብ ግን የማያሳፍር በመሆኑ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። (በስልክ የምንሰማው «እየደረስኩ ነው» ከዚህ ወገን አይደለም። ከጀርባው የቤቱ ቴሌቪዥን ዜና ሲያነብ እየተሰማ «መገናኛ ነኝ» የሚለውን ወዳጃችንን ሁላችንም እናውቀዋለን።)

ጠዋት ከመገናኛ ሜክሲኮ ለመድረስ 1 ሰዓት የሚፈጅበት ሰው ነገም 1 ሰዓት እንደሚፈጅበት አይጠፋውም። ከቤቱ የሚወጣው ግን ለቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። ሲያረፍድ የሚወቀሰው መንገዱ ነው። በየቀኑ የሚሆን ነገር ድንገተኛ ሊባል አይችልም፤ የዕለቱ ሥራ አንዱ ክፍል ሆኗል። ገበሬው በሐምሌ ዘነበብኝ ብሎ አያመካኝም። «ሰነፍ ገበሬ ይሞታል በሰኔ» የተባለው ሰኔ ድንገት ስለሚመጣ አይደለም፤ ሰኔ እንደሚመጣ ከሰነፉ ጭምር ከማንም አይሰወርም።

ይህን ስል ሁሉንም ሰው በአንድ ሚዛን ማስቀመጤ እንዳይመስል። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጎሕ ሳይቀድ ተነስታ፣ ሰልፍ ይዛ፣ ታክሲ ቀያይራ መርካቶ ሥራዋ የምትገባ፣ ማታ ቤቷ ስትደርስ ደግሞ ለልጆቿ ሽሮ የምትጥድ እናት «ጊዜ የለኝም» ብትል ሰበብ ፈለገች ማለት ድፍረት ነው። ጊዜ የላትም። አነቃቂ ተናጋሪዎቻችን ይህን ዘለው ሲያልፉት ይከነክነኛል። አዳራሽ ሞልተው «ለሁላችንም የተሰጠን 24 ሰዓት ነው» ይላሉ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት 9 ሰዓት ተነስቶ ጀሪካን የሚሞላ ሰውና ቧንቧው የማይቋረጥበት ሰው 24 ሰዓታቸው አንድ አይደለም። የእኔ ትዝብት ያቺን እናት አይመለከትም። የሚመለከተው ማታ ሶፋ ላይ ተጋድመን ቲክቶክ በጣታችን ስንገፋ አምሽተን፣ በነጋታው «ማንበብ እንኳ ናፈቀኝ፣ ግን ጊዜ የታለ» የምንለውን ነው። መጽሐፍ መወደዱ እውነት ነው። የተወደደውን መጽሐፍ ያልገዛንበት ገንዘብ የሞባይል ዳታ መግዣ መሆኑም እውነት ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስገርም የሚያደርገው ልማድ መገንባት የሚያቅተን ሰዎች አለመሆናችን ነው። ሐኪም ስኳር ቀንስ ሲለው «አልቻልኩም፣ አፌ ለምዶታል» የሚለው ሰው ሁዳዴ ሲገባ ሥጋውን፣ ቅቤውን፣ ወተቱንና እንቁላሉን ለ55 ቀን ይተዋል። ነሐሴ ላይ ፍልሰታን ይደግማል። ነነዌ አለ፣ ነቢያት አለ፣ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ አለ። ሙስሊሙ ጎረቤቱ ደግሞ በረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም፤ ከረመዳን ውጭም ዓመቱን ሙሉ በቀን 5 ጊዜ ሥራውን አቁሞ ይሰግዳል። በልማድ ረገድ ይህን የሚያህል ነገር በቀላሉ አይገኝም።

«እሱ እኮ እምነት ነው፣ ከጂም ጋር ምን ያገናኘዋል» የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፤ ፈሪሃ እግዚአብሔርን ከውስጡ አውጥቶ ጾምን ማስረዳት አይቻልም። ግን በእምነቱ ውስጥ ያለውን አሠራር እንይ። ረቡዕ ጠዋት «ዛሬ ልጹም ወይስ ልተው» ብሎ ከራሱ ጋር የሚከራከር ጿሚ አላየሁም። ክርክሩ ያለቀው ድሮ ነው፤ ቀኑ በካላንደር ላይ ተጽፏል። ቤት ውስጥ የተሠራው ሽሮና ጎመን ነው፤ ምግብ ቤት ሲገባ አስተናጋጁ «የጾም ነው የፍስክ?» ብሎ ይቀድመዋል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው የሚያዘውም በያይነቱ ነው። ሰውየው ብርቱ የሆነው ብቻውን አይደለም። ዙሪያው አብሮት ብርቱ ሆኗል። ይኸው ሰው ስኳር ሊቀንስ ሲነሳ ግን ቀን የለው፣ ሰዓት የለው፣ አብሮት የሚቀንስ ሰው የለው። በየስኒው ቡና ላይ አዲስ ክርክር ይከፍታል፤ በቀን 4 ስኒ ከጠጣ 4 ጊዜ ማሸነፍ አለበት ማለት ነው።

ስለ ጽናት ሲወራ አበበ ቢቂላ ሳይጠራ አይታለፍም። በእ.ኤ.አ. 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ማሸነፉን፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ 6 ሳምንት ሳይሞላው በዓለም ክብረ ወሰን መድገሙን ለልጆች እንነግራለን። «አበበ ጫማ ሳይል አሸነፈ፣ አንተ ደብተር አለቀብኝ ትላለህ» ብለን እንጨርሳለን። ከዚህ ታሪክ የምንዘለው ክፍል አለ። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ሲነጋ የሚቀሰቅሰው የጦር ሰፈር ሥርዓት ነበረው። ኦኒ ኒስካነን የሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ፣ የልምምድ ፕሮግራም፣ አብረውት የሚሮጡ ጓደኞች ነበሩት። ዛሬም እንጦጦ ወይም ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ በጠዋት የወጣ ሰው ሯጮቹን የሚያያቸው በሰልፍ ነው፤ አንዱ የአንዱን እግር እየተከተለ። የክለቡ ሰርቪስ በሌሊት የሚያነሳቸው ከተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ሰዓት ነው። ያረፈደን አይጠብቅም። የጀግንነቱን ታሪክ ያለ ሰርቪሱ ስንነግራቸው ልጆቹ ጽናት ከሰማይ ለተመረጡ ሰዎች የሚወርድ ይመስላቸዋል። ከዚያም ለእነሱ ስላልወረደ ይተዉታል።

ሰውየው አንድ ሆኖ ቦታው ሲቀየር ልማዱም እንደሚቀየር ደህና አድርጎ የሚያሳየው ውጭ የሚኖረው ወገናችን ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ያለ ሐበሻ ለፈረቃው 5 ደቂቃ አያረፍድም። በረዶ ቢወርድ ቀድሞ ተነስቶ መኪናውን ይጠርጋል፤ መንገድ ተዘጋጋ ብሎ ለአለቃው የሚናገረው ነገር እንደማይሰማለት ያውቃል። ያው ሰው ቅዳሜ ማታ ለወገኑ ሰርግ ሲጠራ 2 ሰዓት አርፍዶ ይደርሳል፤ ሲደርስም ገና ሙሽሮቹ አልገቡም። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። «የሐበሻ ቀጠሮ» ብለን እየሳቅን የምንጠራው ነገር በደማችን ያለ ቢሆን ኖሮ ለፈረቃውም ባረፈደ ነበር።

የሰርጉን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ምክንያቱም ማርፈድ እንዴት ሕግ ሆኖ እንደሚጸና እዚያ ላይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ካርዱ ላይ 6 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። ባለሰርጉ 6 ሰዓት ብሎ የጻፈው እንግዳው 8 ሰዓት እንደሚመጣ አስልቶ ነው። እንግዳውም ባለሰርጉ እንዲህ እንዳሰላ አውቆ 8 ሰዓት ተኩል ይመጣል። በመካከል ካርዱን ያመነ አንድ ምስኪን አለ። 6 ሰዓት ላይ ሱፉን ለብሶ ይደርስና ወንበር የሚደረድሩ ልጆች ብቻ ያገኛል። የሚያናግረው የለ፣ ውሃ የሚሰጠው የለ፤ በሆዱ እየተራበ 2 ሰዓት ከግማሽ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ሰርግ እሱም አርፍዶ ይመጣል። ስንፍና አይደለም፤ ተቀጥቶ ተምሮ ነው። እኛ ዘንድ የሚቀጣው ያረፈደው ሳይሆን በሰዓቱ የመጣው ነው። ስብሰባውም፣ የመጽሐፍ ምረቃውም፣ የወላጆች ጉባኤውም እንዲሁ ነው። «ሰው እስኪሟላ ትንሽ እንጠብቅ» ይባላል፤ የሚጠብቀው በሰዓቱ የመጣው ሲሆን የሚጠበቀው ያረፈደው ነው። ክብሩም ለተጠባቂው ይሆናል፤ ሲገባ ፊት ወንበር ይለቀቅለታል።

አሁን ደግሞ ሰበብ የማያድግበትን ቦታ ልንገራችሁ። ሾላ ገበያ ድንችና ሽንኩርት ከሚሸጡ ሴቶች አጠገብ ቆሜ፣ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ደብተር ይዘው ከመደብ መደብ ሲዘዋወሩ አየሁ። የዕለት እቁብ ሰብሳቢ ናቸው። ደብተሩ በማስመሪያ ተሰምሮ በስም በስም ተከፋፍሏል፤ የከፈለች ሰው ስም ፊት ምልክት ይደረጋል። ከሴቶቹ አንዷ ሲደርሱባት እጇን አወናጨፈች።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ገበያው ሞቷል» አለቻቸው።

«የገበያውን ሞት ለእድር አመልክቺ፤ እኔ የመጣሁት ለእቁብ ነው።»

ዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ከመቀነቷ የተቋጠረ ብር ፈትታ ሰጠቻቸው። ምልክቷን አድርገው ወደሚቀጥለው መደብ አለፉ። ብሩ ቀድሞ ተቋጥሮ መቀመጡ ገርሞኝ ጠየቅኳት። «የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽያጭ ለእቁብ ነው የማስረው፤ እሱ ሳይሞላ ምሳም አልበላም። ከዚያ ወዲያ የሸጥኩት ነው የኔ» አለችኝ። ታዲያ ገበያው ሞቷል ማለቷ ለምን ነበር? «ልማድ ነዋ፣ ሁሌም እላቸዋለሁ» ብላ ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

ሰበቧን ትናገራለች፤ ገንዘቡን ግን በሰበቧ ላይ አልጣለችውም። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ስለ ቁጠባ ከሚሰጠኝ ማብራሪያ ይልቅ ይህ የመቀነት ቋጠሮ አስተምሮኛል። ሲተርፍ የሚቆጥብ ሰው አይተርፈውም። እሷ ከትርፉ ሳይሆን ከመነሻው አነሳች። ደግሞ ብቻዋን አይደለችም፤ እጣ የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ነው የሚወስደው፣ ያልወጣለትም የእሷን መዋጮ ይጠብቃል፣ ብትቀር ስሟ ፊት ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ያንን ባዶ ቦታ በየመደቡ ያሉት ሁሉ ያዩታል። ይህቺን ሴት ከእቁቡ አውጥተን «በራስሽ ፈቃድ በየቀኑ ቤትሽ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪ» ብንላት የሚሆነውን እሷው ራሷ ታውቀዋለች፤ ለዚህም ነው እቁብ የገባችው።

የሚያስቀው ክፉ ልማዶቻችን ይህን ብልሃት ከመልካሞቹ ቀድመው ማወቃቸው ነው። የጫቱን በርጫ እንመልከት። ምሳ ተበልቶ 8 ሰዓት ሲል ይጀመራል፤ ቦታው የታወቀ ነው፤ ፍራሹ ተነጥፏል፤ ጓደኞቹ ተሰብስበዋል፤ የቀረ ይደወልለታል። «የት ጠፋህ» ይባላል። ለሥራ ስብሰባ የማይደርሰው ሰው ለበርጫው በሰዓቱ ይደርሳል። የዓርብ ማታ ድራፍትም እንደዚሁ፤ ጠረጴዛው፣ አስተናጋጇ፣ ወንበሩ ሳይቀር የተለየ ነው። አንድ ሰው ጫት ማቆም ሲፈልግ የምንመክረው «ወስን፣ ቆራጥ ሁን» ብለን ነው። ቆርጦ ሲመጣ ግን 8 ሰዓት ይደርስና የት ይሂድ? የማታው 1 ሰዓት እስኪሆን ያለው ጊዜ ባዶ ነው፤ ጓደኛ የሚላቸው ሁሉ በርጫ ቤት ናቸው። የቆረጠውን ልብ ይዞ ብቻውን ተቀምጦ ይቆዝማል። ከዚህ ባዶ ሰዓት ያመለጡ ሰዎች ያየኋቸው በሰዓቱ ሌላ ነገር የተከሉ ናቸው፤ አንዱ የከሰዓት ትምህርት ገባ፣ ሌላው ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሱቅ መቆም ጀመረ።

ስልክ ግን ከጫትም ይብሳል፤ ሰዓትም ቦታም የለውምና። አልጋ ውስጥ ይገባል፣ መጸዳጃ ቤት ይገባል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳይቀር ከኪስ ይወጣል። ለእሱ የሚሻለው ደረቅ የሆነ የቤት ደንብ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፒተር ጎልዊትዘር ለዓመታት ያጠናው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። «ስልክ እቀንሳለሁ» ብሎ ብቻ ካሰበ ሰው ይልቅ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ብሎ ጊዜውንና ቦታውን ቀድሞ የወሰነ ሰው ያሰበውን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ይላል። ለምሳሌ ራት እንደተነሳ ስልኮች ሁሉ ቡፌው ላይ ይቀመጣሉ፤ የአባት ስልክ ጭምር። የአባቱ ካልተቀመጠ ደንቡ 3 ቀን አይቆይም፤ ልጆች ይህን በማየት ረገድ ከዳኛ ይበልጣሉ።

ሌላው የሚጥለን ነገር የጊዜው ግምት ነው። «ልማድ በ21 ቀን ይገነባል» የሚል ወሬ በየሥልጠናው ይነገራል። መነሻው ማክስዌል ማልትዝ የሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1960 ባሳተመው መጽሐፍ ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚወስድባቸው መታዘቡን ጻፈ። ፊትን መልመድና በየጠዋቱ ተነስቶ መሮጥ አንድ አይደሉም። ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች አዲስ ልማድ እንዲጀምሩ አድርገው ሲከታተሉ፣ ነገሩ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን ድረስ በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደ፤ ለሌላው ግምቱ እስከ 254 ቀን ደረሰ። 66 ቀን ከሁዳዴ ጥቂት ይረዝማል፤ ለእኛ ሰው ያን ያህል የሚያስፈራ ቁጥር አይደለም።

ከዚሁ ጥናት የበለጠ የወደድኩት ሌላ ግኝት አለ። አንድ ቀን መዝለል በልማዱ ላይ የረባ ጉዳት አላደረሰም። እኛ ግን አንድ ቀን ስንዘል ሁሉንም እንተዋለን። «በቃ ፈርሷል» ብለን እስከ ሰኞ፣ ሰኞም ካልሆነ እስከ ጳጉሜ እናስተላልፈዋለን። አንድ ማክሰኞ ያልሮጠ ሰው ረቡዕ እንዳይሮጥ የሚከለክለው ሌላ ነገር የለም፤ የሚከለክለው እንከን የሌለበት ጅምር መውደዱ ነው። አዲስ ደብተር፣ አዲስ ሳምንት፣ አዲስ ዓመት ካልሆነ እጃችን አይፈታም። ከሰበቦች ሁሉ ረቂቁ ይህ ይመስለኛል፤ ንጽሕና መስሎ ስለሚመጣ።

የግል ሰበብ ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ይቆማል። ወንበር ይዞ ሕዝብ ላይ ሲቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት መስኮቶች ጎን ለጎን ናቸው። ሲስተሙ ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጧል። በአንደኛው መስኮት ያለችው ሠራተኛ ፊቷ የቆመውን ሁሉ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» እያለች ትሸኛለች። በሁለተኛው ያለው ልጅ ግን ከጠረጴዛው መሳቢያ ተራ ደብተር አውጥቷል። የባለጉዳዩን ስምና ስልክ ይመዘግባል፣ ማስረጃውን አይቶ የጎደለ ካለ እዚያው ይነግረዋል፣ «ሲመለስ እደውላለሁ፣ አይመላለሱ» ይላል። የተቋረጠው ሲስተም አንድ ነው፤ ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ልጁ ግን ሲስተም እንደሚቋረጥ ከዚህ በፊት አይቷል፤ ደብተሩም የተገዛው ለዚያ ቀን ነው። «ነገ ተመለሱ» የተባለው ሰው ለዛሬ ከሥራው አስፈቅዷል፣ ለነገም ሊያስፈቅድ ነው፤ የታክሲውን የሚከፍለው እሱ ነው። ቢሮው ይህን ኪሳራ የትም አይመዘግበውም። የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት ላይ ሁለቱ ሠራተኞች ምናልባት እኩል ነጥብ ያገኛሉ፤ ይህ ከሠራተኛዋ ይልቅ ነጥብ የሚሰጠውን አለቃ የሚመለከት ነው።

በመጨረሻ አንድ የኮንዶሚኒየም እድር ያደረገውን ልናገር። የወሩ ስብሰባ እሑድ 3 ሰዓት ተብሎ ይለጠፋል፤ የሚጀመረው ግን 4 ሰዓት ከሩብ ነበር። አዲሱ ሊቀመንበር ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው። በመጀመሪያው ስብሰባቸው ልክ 3 ሰዓት ሲሆን፣ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ፊት፣ አጀንዳውን ማንበብ ጀመሩ። ወርኃዊ መዋጮው እንዲጨመርም ተወሰነ። የቀሩት አባላት እንደ ልማዳቸው መጥተው ውሳኔውን ሲሰሙ ግቢው ቀውጢ ሆነ። አንዲት አንጋፋ አባል ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱና «እኛ ሳንኖር በእኛ ገንዘብ? ይህ እድር ነው ወይስ ቀበሌ?» አሏቸው። ሊቀመንበሩ «እትዬ፣ ሰዓቱን ያወጣነው አብረን ነው» ብለው መለሱ። እትዬም «አብረን አውጥተን አብረን ነው ስናረፍድ የኖርነው» አሉ። በእውነቱ ሊቀመንበሩ ለዚህ መልስ አልነበራቸውም።

ክርክሩ ከረር ካለ በኋላ አንድ መካከለኛ ነገር ተገኘ። ስብሰባው 3 ሰዓት ይጀመራል፤ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ሪፖርት ብቻ ይነበባል፤ የገንዘብ ጉዳይ ድምፅ የሚሰጥበት ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው፤ በሰዓቱ ለመጡት ሻይና ዳቦ ይቀርባል፣ ከዚያ በኋላ ግን አይቀርብም። አሁን አብዛኛው አባል የሚደርሰው 3 ሰዓት ከ25 ላይ ነው። ሊቀመንበሩ ይህን እንደ ትልቅ ለውጥ ቆጥረው ደስ ብሏቸዋል። ጸሐፊው ግን አልተዋጠላቸውም፤ በሚመጣው ወር የድምፁን ሰዓት ወደ 3 ሰዓት ከ10 እንሳበው የሚል ሐሳብ ጽፈው አስገብተዋል። እትዬ ደግሞ ሻዩ እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይቆይ ይላሉ።